ባለቋንቋውስ ቃሉን ከየት ያገኘዋል?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ፍላሽ ካርድ ነው። ባለፈው መስከረም፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ዋይንላንድ ፓርክ በተከራየነው ቤት ኩሽና ውስጥ ሻይ አፍልተን እናጠና ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እንደ እኔው የነርሲንግ ተማሪ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኦሃዮ ነው፤ ወላጆቿም አያቶቿም ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ከካርዶቹ አንዱን አነሳችና «ዲስፕኒያ ምንድን ነው?» አለችኝ። የምትፈትነኝ መስሎኝ «የትንፋሽ ማጠር» ብዬ መለስኩ። ካርዱን ገልብጣ አየችና «አንቺ እንዴት ያዝሽው? እኔ እኮ ስረሳው ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። እኔ አሜሪካ የመጣሁት በአምስት ዓመቴ ነው። ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ክፍል ውስጥ የማላውቀው ቃል ሲነሳ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እነሱ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡትን እኔ ዘግይቼ ስለመጣሁ አላገኘሁትም» የሚል። ስለዚህ እጄን አውጥቼ አልጠይቅም። ቃሉን ደብተሬ ዳር ላይ ጽፌ፣ ቤት ስገባ ማንም ሳያየኝ እፈልገዋለሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምታደርጉ አውቃለሁ፤ ተነጋግረንበታልና።

ያን ማታ ግን ጥያቄው ተገልብጦ መጣብኝ። ባለቋንቋው ራሱ አዲስ ቃል የሚማረው እንዴት ነው? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ሕፃኑ

አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው አንድ ዓመት ሲሞላው ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቃላቱ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ፤ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ፍጥነቱ ወላጅን የሚያስገርም ይሆናል። ሆኖም ይህን ሁሉ ቃል ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። እናት «ጫማህን አምጣ» ስትል ዓይኗ ወደ ጫማው ይሄዳል፤ ሕፃኑም ዓይኗን ይከተላል። ድምፁንና ዕቃውን የሚያገናኘው በዚህ መንገድ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያው ነው።

ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ያወጡት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሕፃናት መዋያ ውስጥ ሁለት ትሪዎች አስቀመጡ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ደግሞ የወይራ ፍሬ ዓይነት አረንጓዴ። ልጆቹ ለዚያኛው ቀለም ስም አልነበራቸውም። መምህሯ ልክ እንደ ዕለት ሥራ አድርጋ፣ ሰማያዊውን ሳይሆን «ክሮሚየም» የሆነውን ትሪ እንዲያመጡላት ጠየቀቻቸው። ልጆቹ የቱን እንደምትል ገባቸው፤ ምክንያቱም ሰማያዊውን አያስፈልግም ብላለች። ከቀናት በኋላ ሲፈተሹ አንዳንዶቹ ያ እንግዳ ቃል የቀለም ስም መሆኑን ይዘው ቆይተዋል።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰማው ቃል እንኳ የሆነ ነገር ይይዛል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የያዘው ነገር ግምት ነው እንጂ ሙሉ ትርጉም አይደለም። ሙሉ ትርጉሙ የሚመጣው ቃሉን ደጋግሞ፣ በተለያየ ቦታ፣ ከተለያየ ሰው አፍ ሲሰማ ነው። ይህ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። «ባለቋንቋ» የምንለው ሰው ያለው ትልቁ ሀብት እንግዲህ ይህ ድግግሞሽ ነው።

ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ የተሠራ ጥናት

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ዋይንላንድ ፓርክን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከሃይ ስትሪት እስከ ባቡር ሐዲዱ ያለው ሰፈር ነው። ኢስት ሰቨንዝ አቬኒው ላይ፣ ከዋይንላንድ ፓርክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ሾንባም የሚባል የቤተሰብ ማዕከል አለ። ዩኒቨርሲቲው ሕፃናትን የሚያስተምርበትና ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚመራመርበት ነው። እኔ በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ፤ መጫወቻ ሜዳው ላይ ከሚሯሯጡት ልጆች በስተቀር ምን እንደሚሠራበት አላውቅም ነበር።

በ2019 ጄሲካ ሎጋን፣ ሎራ ጀስቲስና የሥራ ባልደረቦቻቸው ስለ ቃላት አንድ ጥናት አወጡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፤ ወላጅ ለልጁ መጽሐፍ ሲያነብለት ልጁ ስንት ቃል ይሰማል? ከኮሎምበስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በብዛት የሚወጡትን የሕፃናት መጻሕፍት ዝርዝር ተቀበሉ። ከዚያ ውስጥ ከጠንካራ ካርቶን የሚሠሩትን የጨቅላ መጻሕፍት 30፣ የሥዕል መጻሕፍትን ደግሞ 30 በዕጣ መረጡና ቃላቱን ቆጠሩ። የጨቅላው መጽሐፍ በአማካይ 140 ቃል፣ የሥዕል መጽሐፉ 228 ቃል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን እስከ አምስተኛ ዓመት ልደት ድረስ ሠሩት። ውጤቱ እንዲህ ነው፦

ፈጽሞ አይነበብለትም ሊባል የሚችል ልጅ (በሁለት ወር አንድ መጽሐፍ ቢነበብለት) 4,662 ቃል ይሰማል።
በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚነበብለት 63,570።
በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የሚነበብለት 169,520።
በየቀኑ አንድ መጽሐፍ የሚነበብለት 296,660።
በቀን አምስት መጽሐፍ የሚነበብለት 1,483,300።

በመጀመሪያውና በመጨረሻው ልጅ መካከል ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ቃል ልዩነት አለ። ልብ በሉ፤ ይህ የተቆጠረው የተሰማው ቃል እንጂ የታወቀው ቃል አይደለም። «ድመት» የሚለው ቃል መቶ ጊዜ ከተነበበ መቶ ሆኖ ይቆጠራል። ደግሞም ስሌት ነው እንጂ ቤት ለቤት ተዙሮ የተቀዳ ድምፅ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። ሁለቱም ልጆች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም እዚሁ ሰፈር ሊወለዱ ይችላሉ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን እኩል ቃል አልሰሙም።

«ታዲያ መጽሐፍ ለምን? ወላጁ ዝም ብሎ ቢያወራውስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ማውራት ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ምንም አይጀመርም። ግን የዕለት ወሬ የሚጠቀመው ያንኑ ጥቂት ቃል ደጋግሞ ነው፤ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ ተው። ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አሬንስ በ1988 ባወጡት ጥናት በንግግርና በጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ ቃል እንዳለ አነጻጽረዋል። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ከሺህ ቃል ወደ 31 የሚሆነው ብርቅ ነው። ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ከሺህ ወደ 17 ብቻ። የልጆች መጽሐፍ ከምሁር ወሬ በብርቅ ቃል ይበልጣል ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ሲገባ

ልጁ ማንበብ ከቻለ በኋላ አብዛኛው አዲስ ቃል የሚመጣው ከንባብ ነው። ዘዴው አሁንም ግምት ነው። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ከዙሪያው ያለውን ዓረፍተ ነገር አይቶ ይገምትና ያልፋል። ይህ ምን ያህል ይሠራል? በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ቀደም ብለው የተሠሩትን ምርምሮች አንድ ላይ አድርጎ ሲመለከት፣ ተማሪዎች እያነበቡ ከሚገጥሟቸው የማያውቋቸው ቃላት የሚይዙት ከመቶ ወደ 15 የሚሆኑትን ብቻ ነው። ሰማንያ አምስቱ ያልፋሉ። ይህን ሳነብ ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ ወረደልኝ። አንድ ገጽ አንብቤ ሦስት ቃል ሳልይዝ ስቀር የእኔ ድክመት ይመስለኝ ነበር። ባለቋንቋውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ገጽ ማንበቡ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ቃሉን መበለት ነው። በእንግሊዝኛ ከቃል በፊት የሚቀጠሉ ብዙ ቅጥያዎች አሉ። ቅጥያ ካላቸው ቃላት ውስጥ ግን ከመቶ 58ቱ የሚጠቀሙት አራቱን ብቻ ነው፤ «አን»፣ «ሪ»፣ «ኢን» እና «ዲስ»። እነዚህን አራቱን ያወቀ ልጅ የብዙ ሺህ ቃል በር ተከፈተለት ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የእኛ ቃል ከሥሩ ነው የሚበለተው። «ታመመ» የሚለውን የያዘ ልጅ «ሕመም»ን፣ «ታማሚ»ን፣ «ሕመምተኛ»ን፣ «አስታመመ»ን፣ «አስታማሚ»ን ሲሰማ ማንም ሳያስረዳው ዘመዳሞች መሆናቸውን ያውቃል።

ሦስተኛው ዘዴ የመምህር ነው። ኢዛቤል ቤክና ማርጋሬት ማክዮን የተባሉ የትምህርት ተመራማሪዎች ቃላትን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ የሚሰማው ነው፤ ውኃ፣ በር፣ መሮጥ። ሦስተኛው ደረጃ የአንድ ሙያ ቃል ነው። መካከለኛው ደረጃ ደግሞ በየመጽሐፉ የሚገኝ ግን በወሬ ብዙ የማይሰማ ቃል ነው፤ ለምሳሌ ማነጻጸር፣ መገመት፣ አስተማማኝ የመሳሰለው። መምህር ጊዜውን ማዋል ያለበት በዚህ መካከለኛ ቃል ላይ ነው ይላሉ፤ የመጀመሪያው በራሱ ይመጣል፣ ሦስተኛው ሙያው ሲደርስ ይመጣል።

እኔን ስጠይቁኝ፣ ስደተኛ ልጅ የሚጎድለውም ይህ መካከለኛው ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ መጫወቻ ሜዳ ላይ በአንድ ዓመት ተማርኩት። አነጋገሬም እንደነሱ ስለሆነ ማንም የጎደለኝን አላየውም፤ እኔ ግን መጽሐፉን ስከፍት አየዋለሁ።

ሃያ ዓመት ሲሞላስ?

እዚህ ላይ ነው ጥናቱ በቀጥታ ስለ እኔ ያወራው። ማርክ ብሪስባርት የተባለ የቤልጅየም ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ2016 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ አፉን የፈታ የ20 ዓመት ሰው በአማካይ ወደ 42,000 ቃል ያውቃል። (እዚህ ላይ የአንድ ቃል የተለያየ እርባታ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው።) ከሁሉ ዝቅ ያሉት ወደ 27,000፣ ከሁሉ ከፍ ያሉት ወደ 52,000 ያውቃሉ። በባለቋንቋዎች መካከል እንኳ የ25,000 ቃል ልዩነት አለ!

ከዚያስ? ከ20 ዓመት እስከ 60 ዓመት ድረስ ሰው ወደ 6,000 ቃል ይጨምራል። ሲካፈል በየሁለት ቀኑ ገደማ አንድ አዲስ ቃል ይሆናል ማለት ነው። ባለቋንቋው በሁለት ቀን አንድ ቃል ይማራል። እኔና እናንተ በሁለት ቀን ሁለት ቃል ብንማርስ? ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የሙያችን ቃል የማንም አይደለም

ነርሲንግ ላይ ስንደርስ ነገሩ ጭራሽ ይለወጣል። የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው። ጓደኛዬ «ዲስፕኒያ»ን የረሳችው ለዚህ ነው፤ እናቷ ቤት ውስጥ ብላው አታውቅም። እኔ የያዝኩት ደግሞ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ቃላትን መበለት ከልጅነቴ ጀምሮ ልማዴ ስለሆነ ነው። «ዲስ» ችግር ነው፤ «ፕኒያ» ትንፋሽ ነው። በቃ።

ጥቂቶቹን ላሳያችሁ። «ታኪ» ፈጣን፣ «ብራዲ» ዝግተኛ ነው፤ «ካርዲያ» ልብ ነው። ስለዚህ ታኪካርዲያ የልብ ምት መፍጠን፣ ብራዲካርዲያ የልብ ምት መዘግየት ነው። «አይትስ» መቆጣት ነው፤ ጋስትራይትስ የጨጓራ መቆጣት፣ ሄፓታይትስ የጉበት መቆጣት። «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት ነው፤ አፔንዴክቶሚ ትርፍ አንጀትን ማውጣት ነው። «ሃይፐር» ከልክ በላይ፣ «ሃይፖ» ከልክ በታች ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በደንብ ያዟቸው። ሃይፐርግላይሴሚያ በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነው፤ ሃይፖግላይሴሚያ ስኳር ሲያንስ ነው። ለመጀመሪያው ኢንሱሊን ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ስኳር። ስኳሩ ላነሰ ሰው ኢንሱሊን መስጠት ሊገድለው ይችላል። በጥቂት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ በፍጥነት ሲነገሩ ደግሞ ጆሮ ያምታታቸዋል። ባልሰማሁት ቃል ላይ «ይድገሙልኝ» ብሎ ለመጠየቅ የማፍረው እኔ፣ ይህን ከተማርኩ በኋላ ማፈር የማልችልበት ሙያ ውስጥ እንደገባሁ ገባኝ።

እናቴና ሁለቱ ቃላት

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የ11 ዓመት ልጅ እያለሁ እናቴን ሐኪም ቤት እኔ ነበርኩ የማስተረጉምላት። እናቴ ደም ብዛት ነበረባት፤ በየቀኑ ኪኒን ትወስድ ነበር። አንድ ቀን የደም ምርመራዋ ውጤት መጣና ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ፤ «አኒሚያ»። እኔ ቃሉን በትምህርት ቤት ሰምቼው ስለነበር ደስ አለኝ። ወዲያው «ደም ማነስ አለብሽ» ብዬ ተረጎምኩላት። ትክክል ነበርኩ። ትርጉሙ አንዲት ስህተት የለበትም።

ከሁለት ወር በኋላ እናቴ ራሷን አዞራትና ወደቀች። ሲለኩላት የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ኪኒኑን አቁማለች። ለምን አቆምሽ ስትባል መልሷ ግልጽ ነበር፤ «ደም ብዛት ነበረብኝ፤ አሁን ደሜ አነሰ ተባልኩ። ያነሰውን ደም ደግሞ ለምን እቀንሰዋለሁ?»

እስቲ አስቡት። በአማርኛ «ብዛት» እና «ማነስ» ተቃራኒ ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት አይችልም፤ ቃሉ የሚለው ይህንን ነው። በሽታው ግን ሌላ ነው። ደም ብዛት የምንለው ደሙ የደም ሥር ግድግዳን የሚገፋበት ኃይል መጨመር ነው፤ የደሙ መጠን መብዛት አይደለም። ለዚህ ነው «የደም ግፊት» የሚለው ስም የሚሻለው። ደም ማነስ ደግሞ ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሕዋሳት ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ አይደሉም፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። እናቴ ላይም አብረው ነበሩ።

ለዓመታት ይህን ያሰብኩት «የእኛ ሰው ችግር» አድርጌ ነበር። ዳን ብሉምሀገን የተባለ ተመራማሪ በ1980 ያሳተመውን ጥናት እስካነብ ድረስ። እሱ ያነጋገራቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አሜሪካውያን ሕመምተኞች ናቸው፤ የያዛቸውም የደም ግፊት፣ በእንግሊዝኛው «ሃይፐርቴንሽን» ነው። «ቴንሽን» በዕለት እንግሊዝኛ መጨናነቅ፣ መወጠር ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በሽታው ከጭንቀት ብዛት የሚመጣ ነገር አድርገው ይረዱት ነበር። እንዲህ የሚያስብ ሰው ዛሬ ዘና ብያለሁ ካለ ኪኒኑን ለምን ይውጣል? እናቴን ያሳታት ቃል አማርኛ ነው፤ እነሱን ያሳታቸው የገዛ ቋንቋቸው ነው።

ቃልን ማወቅና የቃሉን ድምፅ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ያስተማረኝ ይህ ነው። ባለቋንቋ መሆን ከዚህ አያድንም። በ2003 በመላ አሜሪካ የተደረገ የአዋቂዎች ጥናት፣ የጤና መረጃን በሚገባ የመረዳት ችሎታ ያላቸው ከመቶ 12ቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከመቶ 36ቱ ደግሞ በመሠረታዊው ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ነበሩ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

የተማርኩትን ለራሴ እንደምሠራበት አድርጌ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ቃሉን ደጋግሞ ከማንበብ ራስን መፈተን ይሻላል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባወጡት ጥናት አንድ ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት ከመቶ 42 ነው፤ በድጋሚ ማንበብ ፋንታ ራሳቸውን የፈተኑት ግን ከመቶ 56። ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ በአንድ ሌሊት ሃያ ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቃሉን በልቱት። አማርኛ ይህን አስተምሮናል፤ እንጠቀምበት።

ሦስተኛ፣ አንብቡ፤ የሙያውን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ደስ የሚላችሁንም። መካከለኛው ደረጃ ቃል ያለው እዚያ ነው። ለሰፈራችን ልጆች፣ ኖርዝሳይድ የሚባለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ሃይ ስትሪት ላይ ነው፤ መግቢያ ክፍያ የለውም።

አራተኛ፣ ታናናሾች ያሏችሁ አንብቡላቸው። በአማርኛም ይሁን። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ በ1993 እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚማሩ ሕፃናትን ሲያጠኑ፣ የሁለቱ ቋንቋ ቃል አንድ ላይ ሲቆጠር ልጆቹ ባለ አንድ ቋንቋ ከሆኑት ልጆች አላነሱም። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ስትቆጥሩት ነው የጎደለ የሚመስለው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኩት ግማሹን ብቻ ነበር።

አምስተኛ፣ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ማለት የስደተኛ ምልክት አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜ ስጠይቅ ከኋላዬ ሦስት ልጆች ብዕራቸውን ሲያነሱ ሰማሁ።

ስድስተኛው ለነርሲንግና ለጤና ተማሪዎች ነው። ለሕመምተኛው ከነገራችሁት በኋላ «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «እስቲ ቤት ሄደው ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?» በሉ። በራሱ አፍ መልሶ ሲናገር ያልገባው ቦታ ይታያል። ሐኪሙ እናቴን እንዲህ ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገኝ ነበር። ወላጆቻችሁንም ንገሯቸው፤ በፌዴራል ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ያን ሥራ የ11 ዓመት ልጅ መሥራት የለበትም።

ባለፈው እሁድ እናቴ ቤት ሄጄ ግፊቷን ለካሁላት። ከዚያ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «እማዬ፣ ደም ብዛትና ደም ማነስ ምንና ምን ናቸው? ለአክስቴ እንዴት ታስረጃታለሽ?» ቡናውን እየቆላች ትንሽ አሰበችና «ግፊቱ ሌላ ነው፣ ደሙ ሌላ ነው። ቧንቧው ሲጨነቅ አንዱ ነው፤ ውኃው ሲቀጥን ሌላው ነው። ኪኒኑ ለቧንቧው ነው» አለች። ከመምህሮቼ አንዱም እንዲህ አሳምሮ አላስረዳኝም። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ዳር ላይ አይደለም።